ሰዓቱ 118፣ ነርሷ 162፦ የቱን እንመን?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ባሕር ዳር ትኖራለች። አባቷ 64 ዓመታቸው ነው፤ ዘጌ ውስጥ ቡናና ጌሾ አላቸው። አሜሪካ ያለው ወንድሟ የእጅ ሰዓት ላከላቸው። «ሰዓቱ ደም ግፊታቸውን 118 በ76፣ ኦክስጅናቸውን 90፣ ስኳራቸውን 97 ይላል። ጤና ጣቢያ ስንወስዳቸው ግን ነርሷ ሁለቴ ለክታ 162 በ95 አለችን። አባዬ ‹ልኩ ሰዓቱ ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ አይዋሽም› ብለው ለቀጠሮው አልመለስም አሉ። ወንድሜ ደግሞ ደረት ላይ እንደ ፕላስተር የሚለጠፍ አዲስ ነገር ልላክ ወይ ይላል። የቱን እንመን? ፕላስተሩስ ይምጣ?»

እህቴ፣ ነርሷን እመኑ። ይህን አስቀድሜ ልበልና ልገላገል። ቀሪው ረጅም ነው፤ ሁሉም ሰው እስከ ታች አያነብም። እኔ የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለ መድኃኒት የሚሠራው የሐኪም ቃል ነው። ስለ ሰዓቱና ስለ ፕላስተሩ ግን ትንሽ ላውራ።

ሰዓቱን አስወልቂያቸውና ገልብጪው። ከሆዱ ሥር አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር እጅ አንጓ ላይ ያለው ደም ትንሽ ይጨምራል፤ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ትንሽ ይቀንሳል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ይህችን ከፍ ዝቅ ነው። ስለዚህ የልብ ምትን ቁጭ ባለ ሰው ላይ ደህና አድርጎ ያውቃል። ሌላው የነገረሽ ቁጥር ሁሉ ከእንዲህ ዓይነት ብርሃን የሚወጣ ነው። አንዳንዱ ይሰላል። አንዳንዱ ይገመታል። አንዳንዱ ደግሞ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

ከውሸቱ ልጀምር። እሱም ስኳሩ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ቆዳ ሳይበሳ ብቻውን ስኳር የሚለካ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት አልፈቀድኩም ነው ያለው። «ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ አይዋሽም» ለሚሉት አባትሽ ይህን ንገሪያቸው፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። እውነተኛው የስኳር መከታተያ ክንድ ላይ ይለጠፋል፤ ከቆዳ ሥር የሚገባ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር አለው። የሚለካውም በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው እንጂ ደሙን አይደለም። ስለዚህ ስኳሩ ቶሎ ሲወጣ ወይም ሲወርድ ከጣት ደም በተወሰኑ ደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል። እሱም ቢሆን ቆዳ ይበሳል። የማይበሳ ሰዓት 97 ሲል ከየት አመጣው? ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ይህን ቁጥር አምኖ መጠኑን ቢቀያይር ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ደም ግፊቱ ትንሽ ይለያል። የነርሷ መሣሪያ ክንድ ላይ ይጠቀለላል፣ ይነፋል፣ የደም ሥሩን ጭምቅ አድርጎ ይዘጋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃል። ደሙ በስንት ኃይል እንደሚገፋ የሚታወቀው በዚያ ትግል ነው። ሰዓቱ ማንንም አይጨምቅም። የብርሃኗን ሞገድ ቅርጽ አይቶ «እንዲህ ዓይነት ሞገድ ያለው ሰው ግፊቱ ይህን ያህል ይሆናል» ይላል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ሳምሰንግ እንዲህ ይሠራል፤ ግን በየ28 ቀኑ በክንድ መለኪያ አመሳስሉኝ ይላል። ያለ ክንድ መለኪያ አይንቀሳቀስም ማለት ነው። ኦምሮን የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ማሰሪያው ውስጥ በእውነት የሚነፋ ሰዓት አስፈቅዷል። ወፍራም ነው፤ አያምርም። ግን ይጨምቃል።

የአባትሽን ሰዓት ማንም በክንድ መለኪያ አመሳስሎት አያውቅም ብዬ እገምታለሁ። ታዲያ 118ን ከየት አገኘው? ምናልባት ወንድምሽ ሲከፍተው ካስገባው ዕድሜና ክብደት። ይህን የምለው ስላየሁ ነው። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ነበር። አዲስ ሰዓት ገዝቶ እያሳየኝ ነው። ወስጄ ጠረጴዛው ላይ የነበረ ሙዝ ላይ አሰርኩት። ትንሽ አሰበና 119 በ78 አለ። ልብ ምት 71። ጓደኛዬ «ሙዙ ከእኔ ይሻላል» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ። በማግስቱ ክንዱን ሊለካ ሄደ። አንቺም አባትሽ ፊት ይህንኑ አድርጊ። ሙዝ ባይገኝ የተጠቀለለ ሶፍት ይሠራል። ሺህ ቃል ከማባከን እሳቸው በዓይናቸው ይዩት። ሽማግሌ ሰው «ተሳስተዋል» ሲባል ይቆጣል። ሙዝ ሲሳሳት ግን ይስቃል።

አሁን ወደ ኦክስጅኑ ልምጣ፤ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነውና። አንቺ 90ን እንደ ዋዛ ጠቅሰሽ አልፈሽዋል።

ደም ውስጥ ያለ ኦክስጅንን በብርሃንና በልብ ምት ከፍ ዝቅ መለካት የተጀመረው ጃፓን ውስጥ ነው። ታኩኦ አኦያጊ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው ሐሳቡን ይፋ ያደረገው። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ቀይ ብርሃንንና ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድን የሚውጡት በተለያየ መጠን ነው። ሁለቱን ማነጻጸር ነው። በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ያየነው የጣት ቆንጣጭ ይህ ነው። ጣት ላይ ብርሃኑ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። አንጓ ላይ ግን ተመልሶ የመጣውን ብቻ ነው የሚያየው፤ በዚያ ላይ አጥንትና ጅማት ይበዛል። ስለዚህ የአንጓው ንባብ ደካማ ነው። ንጋት ላይ ሐይቁ ዳር እጅ ሲቀዘቅዝ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ያኔ ደግሞ ይብሳል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ አባትሽ አንጓቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አላቸው? እኛ አገር ብዙ ነው። የንቅሳት ቀለም ብርሃኑን ይውጠዋል። ካላቸው ሰዓቱ ወደ ሌላው እጅ ይዛወር።

«ባሕር ዳር ከፍታ ነው፤ 90 ቢሆን ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ አገሮች በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ እዚህ 95 ማየት አያስደነግጥም። ግን 90ን በከፍታ ማሳበብ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የሲንቲያ ቢል ጥናት አለ። የሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ኦክስጅን ለክታ አማካዩ 95.3 በመቶ ሆኖ ነው ያገኘችው። እዚያ ደጋ ላይ 95 ከሆነ፣ ዝቅ ብላ ባለችው ዘጌ 90 ምን ይባላል?

የቆዳ ቀለም ጉዳይም አለ። ብዙ ሰው «ጥቁር ቆዳ ላይ መሣሪያው አሳንሶ ያነባል» ይላል። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥናት ወጣ። የጣት መለኪያው ከ92 እስከ 96 ያሳየላቸውን ሕመምተኞች ደም ቀድተው በላቦራቶሪ አረጋገጡ። ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ ደግሞ 3.6 በመቶ የሚሆኑት እውነተኛ ቁጥራቸው ከ88 በታች ነበር። መሣሪያው ደህና ናችሁ እያላቸው ኦክስጅን አንሷቸዋል። እንግዲህ ዝቅ ያለ ቁጥር ስናይ «ቆዳችን ነው» ብለን የምናልፍበት ምክንያት የለንም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የእጃቸውን ጣት አሙቁ። ቁጭ ይበሉ። የጣት መለኪያ ተውሰሽ አንድ ደቂቃ አቆይተሽ አንብቢ። 95 ወይም 96 ካለ ሰዓቱ ነው የቀላመደው። 90 ላይ ከቆመ ግን የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ለቀጠሮ አይቆይም።

አሁን ስለ ፕላስተሩ። እኔ ሙያዬ ስለሆነ እዚህ ላይ ብንዛዛ ይቅር በይኝ።

የሰዓቱ ሁሉ ችግር ሥሩ አንድ ነው። ዕቃው ደረቅ ነው፣ ሰው ደግሞ ለስላሳ ነው። ቆዳ ይሳባል፣ ይሸበሸባል፣ ያልባል፣ ይላጣል። እስከ 30 በመቶ ድረስ ተስቦ ይመለሳል። የኤሌክትሮኒክስ ልብ የሆነው ሲሊከን ግን እንደ መስታወት ነው፤ ሳብ ቢያደርጉት ይሰበራል። ደረቁ ለስላሳው ላይ ሲቀመጥ መካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። እጅ ሲወዛወዝ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ይጠብባል። ያኔ ሰዓቱ የሚያየው የልብን ምት ይሁን የክፍተቱን ራሱን አያውቅም። ሰዎች ስለ ቺፑና ስለ ሶፍትዌሩ ያወራሉ። እኔን ብትጠይቂኝ ሥራው ሁሉ ያለው ቆዳና ዕቃው በሚነካኩበት ቦታ ላይ ነው።

ድሮማ ሌላ ዓለም ነበር። የልብን ኤሌክትሪክ ተሸክሞ እየሄዱ መቅዳትን የጀመረው ኖርማን ሆልተር የሚባል የሞንታና ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የሠራው መሣሪያ በጀርባ የሚታዘል 38 ኪሎ ገደማ ነበር። ልብ የታመመ ሰው ያንን ተሸክሞ! ዛሬም ሐኪሞች ለ24 ሰዓት የሚያስሩትን መሣሪያ በስሙ «ሆልተር» ይሉታል።

ከዚያ እስከ ፕላስተሩ ያለውን መንገድ በሁለት ምሳሌ ልንገርሽ። አናጺ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ? ጣውላ አይታጠፍም። ከመላጊያው የሚወጣው ፍቅፋቂ ግን እንደ ጥቅልል ይሆናል። እንጨቱ ያው እንጨት ነው፤ ውፍረቱ ነው የተቀየረው። አንድ ነገር ውፍረቱ በአሥር እጥፍ ሲቀንስ ለማጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል በሺህ እጥፍ ይቀንሳል። ሲሊከንም እንዲሁ ነው። በጣም ሲሳሳ ይታጠፋል።

መታጠፍ ግን መሳብ አይደለም። ለመሳብ ሌላ ዘዴ አለ። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት አስቢው፤ መንገዱ ጥምዝ፣ እንደገና ጥምዝ። ያንን መንገድ ከሁለት ጫፍ ይዘሽ ብትጎትቺው መጀመሪያ የሚከፈቱት ጥምዞቹ ናቸው፤ አስፋልቱ ራሱ አይሳብም። አሜሪካ ውስጥ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ጆን ሮጀርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳዩት ይህን ነው። ሽቦውን እባብ አስመስለው ጠመዘዙት፤ ልጆች እጃቸው ላይ እንደሚለጥፉት የሥዕል ወረቀት ባለ ስስ ላስቲክ ላይ አስቀመጡት። ቆዳው ሲሳብ ጥምዙ ይከፈታል። ያለ ሙጫ፣ በስስነቱ ብቻ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ጃፓን ውስጥ ደግሞ የታካኦ ሶሜያ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ውፍረቱ 2 ማይክሮ ሜትር የሆነ ኤሌክትሮኒክስ አሳየ። አንድ ሚሊ ሜትር 500 ቦታ ቢከፈል አንዱ ክፍል መሆኑ ነው። ግን አንድ ነገር ቀራቸው። ስስ ቢሆንም እንደ ፌስታል ላብ ያፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወርቅ የተሠራ መረብ ይዘው መጡ፤ በመረቡ ቀዳዳ ቆዳው ይተነፍሳል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህኛው ነው። ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር የዋለ ሰው ላብ የማያስወጣ ፕላስተር ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ከሦስት ቀን በኋላ ያሳክካል፣ ይቀላል። ሰውየው ነቅሎ ይጥለዋል። የተነቀለ መሣሪያ ደግሞ ምንም አይለካም።

ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል ብትይኝ ቀድሞ የሚመጣልኝ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ነው። ቆዳው እንደ ወረቀት ነው፤ የተለመደው ማጣበቂያ ሲነሣ ቆዳውን ይዞት ይነሣል። በሽቦ ስለተተበተበም እናቱ ገላ ለገላ ልትታቀፈው ያስቸግራል። የሮጀርስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ሽቦ የሌላቸው ሁለት ለስላሳ ልጥፎችን ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ሞክሯል፤ አንዱ ደረት ላይ፣ አንዱ እግር ላይ። ተመሳሳዩ ዛምቢያ ውስጥ ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። እዚህም ቢመጣ ብዬ የምመኘው ይህ ነው። የሀብታም ሰዓት ግን ከበቂ በላይ አለን።

ወንድምሽ የሚለው ፕላስተር ከነዚህ ሁሉ ቀለል ያለው ነው። ደረት ላይ ይለጠፋል፤ የልብን ኤሌክትሪክ ሌት ተቀን ይቀዳል። አንዳንዱ እስከ 14 ቀን ይቆያል። ጥሩ ዕቃ ነው። የልብ ምቱ የሚዘበራረቅ ሰው፣ ድንገት ልቡ የሚርድበት፣ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ሰው ሐኪም ሲያዝለት ይጠቅመዋል። አልፎ አልፎ የሚመጣ መዘበራረቅ ጤና ተቋም ውስጥ በሚነሣ የአምስት ደቂቃ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ቅጂ) አይያዝም። ግን አባትሽ ችግራቸው ይህ ነው? አልነገርሽኝም። ፕላስተሩ ደም ግፊት አይለካም። ለ162 መልስ የለውም።

ደግሞም ማን ያነበዋል? አንዳንዱ ፕላስተር ጊዜውን ሲጨርስ ተነቅሎ በፖስታ ወደ ኩባንያው ይመለሳል፤ የሚነበበው እዚያ ነው። ከዘጌ በጀልባ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከዚያ አሜሪካ። ሌላው ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል። ብሉቱዝ አሥር ሜትር ገደማ ነው የሚደርሰው፤ አባትሽ ቡና መካከል ሲገቡ ስልኩ ቤት ይቀራል። ስልኩ ቢደርስም መልእክቱ የሚሄደው ለወንድምሽ ነው። አንድ የማውቃቸው እናት ልጃቸው በማስጠንቀቂያ ደንግጦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደውሎ ቀሰቀሳቸው። ልባቸው በእውነት የመታው ያኔ ነው። የልብ ጥርጣሬ ካለ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሐኪሙ አይቶ ምን እንደሚያስፈልግ ይወስናል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጥያቄሽ ውጭ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ኢንስቲትዩት አለ። አልፎ አልፎ ተማሪዎች «የልብ ምት የሚቀዳ ሸሚዝ እንሥራ» ብለው ያማክሩኛል። ደስ ይለኛል። ብር የተቀባ ክር ከጥጡ ጋር በማግ በኩል ይገባል፤ ክሩ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሸማኔ ላለበት አገር ሩቅ ሐሳብ አይደለም። ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፦ እማማ ሸሚዙን በኦሞ ዘፍዝፋ ድንጋይ ላይ ስታሸው ብሩ ምን ይሆናል? እዚያ ላይ ዝም ይላሉ። ሌላም አለ። ሸሚዙ ሰፊ ከሆነ ክሩ ቆዳ አይነካም። ጠባብ ከሆነ ማንም አይለብሰውም። ያው ወደ መነካካቱ ተመለስን።

እንግዲህ ወንድምሽ ለፕላስተሩ ያሰበውን ገንዘብ ለክንድ ደም ግፊት መለኪያ ያድርገው። አንጓ ላይ ሳይሆን ከክርን በላይ የሚታሰረውን። ስትራይድ ቢፒ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ሞዴሉ መኖሩን ያረጋግጥ፤ እዚያ ያሉት ትክክለኛነታቸው የተፈተሸ ናቸው። አባትሽ ከመለካታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ጀርባቸው ይደገፍ፣ ክንዳቸው በልባቸው ልክ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ እግር አይነባበር። ከግማሽ ሰዓት በፊት ቡና የለም። የዘጌን ሰው ቡና ከልክዬ እንደማይወዱኝ አውቃለሁ። ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን። በመካከሉ አንድ ደቂቃ ይረፉ። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፊው፤ የማያምረውንም ጭምር። የመጀመሪያውን ቀን ትተሽ የቀሩትን አማካይ አውጪ። ቤት ውስጥ 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ብሏል ይባላል። ደብተሩን ይዛችሁ ነርሷ ዘንድ ተመለሱ። መለኪያው እስኪመጣ ግን ቀጠሮው አይዝለል፤ 162 አይጠብቅም።

ሰዓቱን አትጣሉት። እርምጃቸውንና ምታቸውን ይቁጠርላቸው። ልብ ምቱ ተዘበራረቀ ብሎ ደጋግሞ ከነገራችሁ እንደ ፍንጭ ወስዳችሁ ኢሲጂ አስነሡ። ደረታቸውን አጥብቆ ቢይዛቸው ግን ሰዓቱን አትዩ። ኢሲጂ ያለው ሰዓት እንኳ ልብን የሚያየው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ሃርት አታክን አይለይም። ቀጥታ ሆስፒታል።

ወንድምሽ መለኪያውን ከማዘዙ በፊት አንድ ሥራ አለሽ። የልብስ ሰፊ ሜትር ያዢና የአባትሽን ክንድ ከትከሻና ከክርን መካከል ዙሪያውን ለኪ። ብዙውን ጊዜ ከመለኪያው ጋር የሚመጣው ጨርቅ ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ላለው ክንድ ነው። ለቀጭን ክንድ ሰፊ ጨርቅ ከሆነ አሳንሶ ያነባል፤ ያኔ አባትሽ «አላልኩሽም?» ይሉሻል። ቁጥሩን ዛሬ ማታ ለወንድምሽ ላኪለት።